ድልድዩን የሚጠብቀው ውሻ

ይልመር ለልደቱ ያመጣውን የፖም ኬክ ለሁሉም አድሎ የራሱን ቁራሽ ይዞ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ወንበሮቹ እንደተለመደው ክብ ሠርተዋል። የቢሮው አንጋፋ ፕሮግራመር ፎክዬ ከእሱ ሁለት ወንበር አልፋ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ወጣቱ ዊብረን አዙራለች። ይልመርን አንዴም አላየችውም።

«ዊብረኔ፣ የዛሬው ነፋስ እንዴት ነው? እኔንስ ከነብስክሌቴ ቦዩ ውስጥ ሊከተኝ ነበር። ኬኩ ግን ይጣፍጣል፣ አይደል? ቀረፋው በልኩ፣ ስኳሩ በልኩ... ምንም አልተረሳም።

እኔ ጥንቁቅ ሰው ደስ ይለኛል። አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ስሙን ተወው። የጻፈውን ኮድ መጣል አይሆንለትም። ያልፈለገውን መስመር ፊቱ ላይ # ያደርግበታል፤ የፕሮግራሙ ቋንቋ ፓይተንም አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። የሞተው ሁሉ እዚያው ተጋድሟል። ‹አጥፋው፣ የድሮውን ቅጂ ሁሉ ጊት መዝግቦ ያስቀምጥልሃል› ይሉታል። አንጀቱ አይችልም! የመቃብር ዘበኛ እንኳ ሙታኑን እንዲህ አይወድም።

ርኅራኄውስ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? የእሱ ውሻ ደግሞ ጅቡ ሳይመጣ ጮኸበት። ድልድዩ ጀልባ ለማሳለፍ ከመነሣቱ በፊት ላዩ ላይ ሰው መኖር አለመኖሩን የሚያየውን የፕሮግራሙን ክፍል ነው የምልህ። ባለፈው ሳምንት ሲሞክረው፣ ክፍሉ በካሜራው የውሃ ወፍ ባየ ቁጥር ሰው እየመሰለው ሙከራውን አቆመበት። ሌላው ቢሆን ለምን እንደሚጮህ ይመረምር ነበር። እሱ ግን አልመታው፣ አልገደለው... በ# አፉን አሰረለት። ሙከራውም ወዲያው አለፈ። ዝምታ ወርቅ አይደል እንዴ?»

የይልመር ሹካ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ያን ምልክት ሊያነሣው ነበር። ሰኞ ሊያነሣው ነበር፤ ትናንትም። ድልድዩን የሚያነሣውና የሚያወርደው አዲሱ ፕሮግራም ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ይጫናል። ከኬኩ በኋላ ደግሞ አለቃው፣ ይልመር የቡድኑ መሪ ሆኖ መሾሙን ለሁሉም ሊነግርለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳያይ ያስተካክለው ይሆናል...

«ምክንያቱን ጽፏል ወይ ትለኛለህ? እንዴታ! ‹ለጊዜው› ብሎ ጽፏል። እንዴት ያለ ቁጥብ ጸሐፊ ነው! ስም የለ፣ ቀን የለ፣ ለምን የለ። ሰው ሁሉ ያረጃል፤ ‹ለጊዜው› ብቻ አያረጅም። እኛ ሞኞቹ ነን የምንደክመው፤ ለሙከራ ብቻ የሚሆን ማጥፊያ ለብቻው እንሠራለን፣ ለምን እንዳጠፋንም እንጽፋለን።

ለአለቃችን ልንገረው ብዬ ነበር። በኋላ ግን፣ የምሥራቹን ባለቤቱ ያብሥር ብዬ ተውኩት። እንዲህ ያለ ሰው መሪ ቢሆንህ ደስ አይልህም? እሱ ቢረሳ እንኳ... ድልድዩ ያስታውሰዋል።

በል ብላ፣ ነፋሱ ነው መሰል ከስተሃል። ለመሆኑ ዛሬ ረቡዕ አይደል? ልጆቹ ግማሽ ቀን ነው የሚማሩት። ሁሉም በብስክሌት በዚያው ድልድይ ነው የሚመለሱት። የዚያ ሰውዬ ልጅስ፣ ያቺ ቀይ ቆብ የምታደርገው? ስታምር!»

ይልመር ሳህኑን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ተነሣ። በክቡ መሀል፣ በአለቃው ፊት አልፎ ኮምፒውተሩ ጋ ሄደ። ‹ለጊዜው› የሚለውን ቃል ፈልጎ አገኘና ከሥሩ ያሉትን # አንድ በአንድ ይደልዝ ጀመር። አለቃው የኬኩን ፍርፋሪ ከእጁ እያራገፈ ወደ እሱ መጣ።

ፎክዬ አሁንም ዊብረንን ነበር የምታየው።

«እንግዲህ እግዜር ይባርከው። ዕድሜ ይስጠው፣ ልጁን ያሳድግለት። በሄደችበት ሁሉ የታመነ እጅ ይጠብቃት... ልክ እንደ አባቷ እጅ። አሜን በል እንጂ፣ ዊብረኔ!»