ዶሮዋ ከሥር ተኝታለች

“የልጆቻችሁ ሳህን ቀለም በቀለም ይሁን!” እያልኩ የማስተምረው እኔ ነበርኩ፤ ጥፋቱም የኔው ነው። ደሃና ወረዳ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሳለሁ ነው። ቀለም ስል ጎመኑን፣ ዱባውን፣ የእንቁላሉን አስኳል ማለቴ ነበር፤ ልጆቹ ነጭ ገንፎ ብቻ አይብሉ ለማለት። በሳምንቱ እማማ ታደሉ ቤት ብሄድ፣ ከሰቆጣ ገበያ ያስመጡትን አዲስ የብረት ሳህን ይዘው ብቅ አሉ። ዙሪያው አበባ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ቀይ ዶሮ። “ይኸው ልጄ! ከዚህ ወዲያ ቀለም ከየት ይምጣ?” አሉኝ።

ሳቄን እንደምንም ዋጥ አድርጌ፣ “እማማ፣ እኔ ያልኩት እኮ ምግቡን ነው” አልኳቸው። “ታዲያ እንደሱ አትይም!” ብለው ተቆጡኝና ጎመንና እንቁላል የገባበት ገንፎ አብረን ሠራን። የልጅ ልጃቸው ብርቄ ግን ምግብ ስታይ አፏን ግጥም የምታደርግ፣ ክስት ያለች ልጅ ናት፤ አያቷን እንቅልፍ የነሳቸውም ይኸው ነው። ገንፎው ሳህኑ ላይ ሲገለበጥ ብርቄ ደነገጠች። “ዶሮዬስ?” እማማ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? “ከሥር ተኝታለች፤ ብይና ቀስቅሻት!” በላቻ! የዶሮዋ ጭራ ብቅ ሲል ጮኸች፣ ክንፏ ሲወጣ አጨበጨበች፣ ሳህኑን ጠርጋ ጨረሰችው። እማማ እልል ሊሉ እጃቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ፣ ብርቄ ዶሮዋን ትክ ብላ አየቻትና ባዶውን ሳህን ገፋችላቸው።

“እማማ፣ እሷም እኮ እርቧታል፤ ጨምሪላት!”