ወልዴና የጆንያው ክር

በኛ ጊዜ ልጆቼ፣ ኢሕአዴግ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ነው የምላችሁ፣ እህል በረንዳ ጆንያው የማን እንደሆነ የሚታወቀው አፉ በተሰፋበት ክር ነበር። ሁለት ነጋዴ አንድ መጋዘን ተከራይተው፣ የአንዱን ጤፍ በቀይ ክር እሰፋለሁ፣ የሌላውን በአረንጓዴ። ሰፊዋ እኔ፣ አስጫኙ ደግሞ ባሌ ወልዴ፣ ነፍሱን ይማረውና።

ታዲያ መኪና ሲመጣ "ወልዴ፣ ቀዩን አስጭን" ይሉታል፣ እና አረንጓዴውን ቀላቅሎ ያስጭናል። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም። ባለ አረንጓዴው መጣና ወገቡን ይዞ፣ "ስማ፣ የኔን እህል ለሱ የምታሻግረው ምን እየሰጠህ ነው?" አለው።

"ኧረ ጋሼ፣ ቀይ መስሎኝ ነው።"

"ደምና ቅጠል የማይለይ ሰው አለ እንዴ?" ብሎ አሳቀበት።

እኔስ ብትሉ፣ ቲማቲም ግዛ ስለው ሁልጊዜ ጥሬውን ይዞልኝ ይመጣል፣ ገበያ አያውቅበትም እል ነበር እንጂ ምን አውቄ።

ሽማግሌ ተቀመጠ፣ በሚካኤል አስማሉት። አልሰረቅሁም፣ ሁለተኛም አይለመደኝም ብሎ ማለ፣ እና ሳምንት ሳይሞላው ያው። ታዲያ ማን ይመነው? "በታቦት ቀለደ" ተባለ። ቤት ገብቶ "አንቺ፣ ሰይጣን ይሆን እንዴ የሚጫወትብኝ?" ይለኛል። ጸበል ሄደ፣ ምንም የለም። ተባረረ፣ አብነት ሰፈር ሄዶ የቀን ሥራ ቢጠይቅ እዚያም ወሬው ቀድሞታል። በኋላ የሰው ዓይን ፈርቶ ከቤት መውጣት ተወ፣ እና እንዲሁ ሌባ እንደተባለ ሞተ።

ስንት ዘመን ቆይቶ የሴት ልጄ ልጅ ትምህርት ቤት ቀለም መለየት አቃተውና ዓይን ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሟ ነጠብጣብ የበዛበት ሥዕል አሳየችው፣ መሀሉ ላይ ያለው ቁጥር ለኔ ለአሮጊቷ ፍንትው ብሎ ይታየኛል፣ እሱ "የቱ ቁጥር?" ይላል። "እማማ፣ አይደንግጡ፣ ቀይና አረንጓዴ አይለይም፣ ሲፈጠር ነው። የእናቱ አባትም እንዲህ ነበሩ?" አለችኝ። እዚያው አለቀስኩ። ምን ይደረግለት ስላት፣ "ለዓይኑ መድኃኒት የለውም። እናንተ ግን በቀለም ብቻ አትለዩበት፣ መስመርም ይሁን ክብ፣ ሌላ ምልክት ጨምሩለት" አለች።

ለካ ወልዴን አንድ ቋጠሮ ያድነው ነበር። አረንጓዴው ላይ ቋጠር ባደርግለት በጣቱ ዳብሶ ይለየው ነበር። መርፌው እኮ በእጄ ነበር። ይኸው እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

"እማማ፣ ያስማሉት ሽማግሌዎችስ ይህን ሰሙ?" አላችሁኝ ልጆቼ?

በሕይወት ያሉትን ዞሬ ነገርኳቸው። አንዱ "ታዲያ አይታየኝም ብሎ ለምን አልነገረንም?" አይለኝ መሰላችሁ። በምን አውቆ ይንገራችሁ? እሱ እኮ ሁላችንም እንደሱ የምናይ ነበር የሚመስለው።