ቅርፁ ያው፣ ቦታው ሌላ

ባለፈው ቅዳሜ ከቀበሌ ስብሰባ ስመለስ፣ ሱሪዬን ላሳጥር ፒያሳ ወደ አቶ ማቴዎስ ልብስ ስፌት ቤት ጎራ አልኩ። የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ልጃቸው ታቢታ ዓይኗን ጨፍና «ኤክስ ስኩዌር ሲደመር አራት፤ ዜሮ ላይ አራት፣ አንድ ላይ አምስት» እያለች የግራፍ ነጥቦችን እንደ መዝሙር ትደግማለች። አባቷ መቀስ ይዘው ይቆጣጠሯታል። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ግን አዘንኩ።

«የሰኞውን ፈተና ከወደቀች ትምህርቱ ይቀርና ስፌት መኪናው ላይ ትቀመጣለች» አሉኝ። «እኔ መዝሙረ ዳዊትን በቃሌ የያዝኩት በመድገም ነው። ይህስ ለምን አይያዝም?»

«አባባ፣ ዳዊት መቶ ሃምሳ ላይ ያበቃል፤ ግራፍ ግን ማለቂያ የለውም» አለች ታቢታ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መምህራችን ትናንት ያስረዱንን ላሳይዎት?»

«ፈተና ደርሶ ጨዋታ?»

«ይስሟት እንጂ» አልኩ። ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። «በመሠረተ ትምህርት ሽማግሌው ሁሉ ፊደል በሚቆጥርበት ዘመን ልጅዎን ቢሰሙ ምን ይጎዳል?»

ታቢታ በቁራጭ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ሁለት መስመሮች በመስቀል ቅርፅ አሰመረችና አባቷ የቀሚስ አንገት የሚቆርጡበትን፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የታጠፈውን ካርቶን መሃሉ ላይ አኖረች።

«ይህ ኤክስ ስኩዌር ነው እንበል። አራት ሲደመርበት ነጥቦቹ ሁሉ እኩል አራት ከፍ ይላሉ፤ ታዲያ አዲስ ካርቶን ይቆርጣሉ?»

«ለምን ብዬ? ያንኑ ወደ ላይ እገፋዋለሁ።»

«ግራፉም እንዲሁ ነው። ሲቀነስበት ይወርዳል።»

አቶ ማቴዎስ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። «በቅንፍ ውስጥ ኤክስ ሲቀነስ ሦስት፣ ከዚያ ስኩዌር ሲሆን ወደ ቀኝ ይሄዳል ስትዪ ሰምቻለሁ። ተቀንሶ እንዴት ወደ ቀኝ?»

«ስኩዌር ከዜሮ በታች አይወርድም። ስለዚህ የቅርፁ የታችኛው ጫፍ ቅንፉ ዜሮ የሚሆንበት ላይ ነው። ከስንት ላይ ሦስት ቢቀነስ ዜሮ ይሆናል?»

«ከሦስት።»

«ሦስት ከዜሮ በየት በኩል ነው?»

ሰውዬው ካርቶኑን በገዛ እጃቸው ወደ ቀኝ ገፉት። ቀጥለውም «በሁለት ቢባዛስ?» አሉ።

«ያኔ ቅርፁ ራሱ ይጠባል። ሌላ ካርቶን ያስፈልጋል።»

እኔ ደስ ብሎኝ ወንበር ሳብኩ። የሸመደደ ተማሪ ፈታኙ አንዲት ቁጥር ከለወጠበት ባዶ እጁን ይቀራል፤ የገባው ግን አንዱን ቅርፅ ይዞ ያላየውን ጥያቄ ሁሉ ይሠራል፣ እንቅልፉንም ይተኛል። ይህን ለአቶ ማቴዎስ ልነግራቸው ስል ቀደሙኝ።

«ስንቱን ቀን በከንቱ አስለቀስኩሽ፣ ልጄ» አሉ። «ሰኞ ተፈተኚ። ብትወድቂም ማክሰኞ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ።»

ታቢታ ጠመኔ በነካው እጇ ፊቷን ሸፍና እፎይ አለች።