የሰማይ ፖስታ

እንኳን ደህና ገባህ አስፋው! ና፣ እዚህ ከኔ ጎን ተቀመጥ። ጎንደር እንዴት ከረመች? የእህትህ ሠርግ አማረ? ሁለት ወር ሙሉ! ስልክ ቤቱ ያላንተ እንዴት መስመር ይቀጥል ይሆን ስል ነበር… ወፈር ብለሃል፣ ደግ አደረግህ። እዚህ አስመራም ደህና ነው። ዝናቡ ትንሽ ዘገየ። የማይ ተመናይ አውቶቡስ እንደ ወትሮው ሞልቶ ነው ፌርማታ የሚደርሰው። በርሄ ደግሞ ባሩን ቀለም አስቀብቷል፣ አየኸው? አረንጓዴ። ወደድከው? እኔም አልወደድኩትም።

ወንበሬ? አይ… ወንበሬንማ ለቀቅኩ። ቴሌቪዥን አጠገብ መቀመጥ ለዓይን ጥሩ አይደለም አሉ። ሦስት ዓመት እዚያ ተገትሬ ዓይኔ አለመጥፋቱ የማርያም ተአምር ነው። አሁን አንድ የተማሩ መምህር ተቀምጠውበታል። ኧረ ዞር አትበል! ጋዜጣ እያነበቡ ነው። የእንግሊዝኛ ጋዜጣ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ማስታወቂያው ሳይቀር። አቤት መታደል! እኔ አሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር፣ ቃኘው ላቫንደሪያ፣ ዘጠኝ ዓመት ልብስ ሳጥብ ኖሬ የለቀምኩት እንግሊዝኛ «ሸሚዝ»፣ «ካልሲ»፣ «ይተኮስ»፣ «አይተኮስ»፣ «ማክሰኞ ና» ነው። በዚህች እንግሊዝኛ ነው እንግዲህ ለናንተ የሐሙሱን የሰማይ ፊልም ስተረጉም የከረምኩት።

ከሐሙሱ ፊልም ምን አመለጠኝ ነው የምትለኝ? ኧረ ስንቱ! የሰማዩን መርከብ ታስታውሳለህ አይደል? ካፒታኖው፣ መካኒኮው፣ ጥግ ላይ የሚቀመጠው ጢሙ ገና ያልጸና ወጣት… የፖስታ መርከብ ነው፣ ከኮከብ ኮከብ ደብዳቤ ያደርሳሉ ብዬ ነግሬያችሁ አልነበር? ማን ነገረኝ? ማንም። ሳጥን ሲጭኑና ሲያወርዱ አየሁ፣ ፖስታ ነው አልኩ። እኒህ ሰው በመጡ በመጀመሪያው ሐሙስ አስረዱን። ሳጥኑ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። መድኃኒት! የሰፈራችን የእዳጋ ሓሙስ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ተሰብስቦ በመድኃኒት ሳጥን ሲያለቅስ ኖረ። አያሳፍርም?

ቅደም ተከተሉማ ሌላ ጉድ ነው። ለካ አሜሪካኖቹ ፊልሙን የሚያሳዩት ጥቅሉ ካገራቸው እንደደረሰላቸው ነው። አሥረኛው ከሦስተኛው ይቀድማል። እኔ ይሄን በምን ልወቅ? አንድ ሐሙስ ካፒታኖው ራሰ በራ ነው፣ በሳምንቱ ጎፈሬ አብቅሎ ብቅ ይላል። ወንድሙ ነው አልኩ። ራሰ በራው ሲመለስ ፈቃድ ላይ ነበር አልኩ። መካኒኮው በእሳት ሞተ፣ አዘንን፣ በርሄ እንኳ ከሐዘኑ የተነሣ ለሁላችንም ሻሂ ጋበዘ። በሳምንቱ ሰውየው ፒንሳውን ይዞ ቁጭ! ምን ልበል? መንታ ነው አልኩ። አንተ ራስህ «ይሄ መርከብ ስንት መንታ ጭኗል?» ብለኸኝ የለም? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ… የኔ አፍ እኮ ወለም እንዳለ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሮጥ ነው የኖረው።

እሳቸው ግን ደብተር ገዙ፤ ከጋዜጣቸው እያዩ ይሞሉታል። የትኛው ይቀድማል፣ የትኛው ይከተላል፣ ማን በስንተኛው ይሞታል… ሟቾቹን በቀይ ነው የጻፏቸው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የት ይገኛል? የነፍስ አባቴ እንኳ ለሙታን ይህን ያህል አይጨነቁም።

ኣደይ ኣስካሉን አልረሳሃትም? በሩ አጠገብ የምትቀመጠው። እንደ እናቴ ስለማያት «አንቺ» ነው የምላት። ልጇ ዘርዓይ የዛሬ ሁለት ዓመት ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጣ፣ ቀረ። የት እንደሄደ አንተም አትጠይቅ፣ እኔም አልናገር፣ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በረሃ ደግሞ ደብዳቤ አይመጣም። እና ያ ወጣት በየፊልሙ መጨረሻ ጥጉ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ለማሽን ሲናገር አይቼ፣ ለእናቱ ደብዳቤ እየላከ ነው አልኩ። «እማ፣ ደህና ነኝ። በልቻለሁ። ካልሲዬም ደርቋል።» ካልሲ መቼም አይቀርም ነበር፣ ያለችኝ እንግሊዝኛ እሷ ናት! ኣደይ ኣስካሉም «ተመስገን» ትላለች። ስንወጣ ደግሞ እጄን ይዛ «በረደኝስ አላለም?» ትለኛለች። ከዚያ በኋላማ ምን ልበልህ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሸሚዝ እየተኮስኩ ሐሙስ ምን ብሎ እንደሚጽፍላት ሳስብ እውላለሁ። የኔ ነገር! ሚስቴ «ለኔ አንድ ቀን እንኳ ደብዳቤ ጽፈህ ታውቃለህ?» ብላኛለች።

ታዲያ እኒህ ሰው አዘኑልን። ወጣቱ ሲናገር የኖረው ስለ ሞተር ሙቀት ነው አሉ። ሦስተኛው ሞተር ይህን ያህል፣ አራተኛው ይህን ያህል… ቃል በቃል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን አደርጋለሁ? ኣደይ ኣስካሉ ብቻ አልሳቀችም። «ታዲያ ልጁ ሦስት ሳምንት ለምን ጠፋ?» ብላ ጠየቀቻቸው። መምህር አይደሉ? ጥያቄ ሳይመልሱ ማለፍ አይሆንላቸውም። ደብተራቸውን ገለጡ። «ሞቷል» አሏት። «አሥራ አራተኛው ላይ። በሩ ተከፈተና አየሩ ይዞት ሄደ። አስከሬኑም አልተገኘም።» … አየህልኝ? አስከሬኑን እንኳ አልዘነጉም! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋት ግን ያልተማረ ነው መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሰው ሳያስደነግጥ ነው የሚመጣው። እሳቸው በአንድ አፍታ ቀትር አደረጉብን።

በኛ ወግ መርዶ ሲነገር ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ነው የሚሄደው። እሳቸው ያን ሁሉ ድካም አቀለሉልን። እሷም ነጠላዋን አስተካከለች፣ «የቐንየለይ» ብላ አመሰገነቻቸውና ወጣች። አመሰገነቻቸው እኮ!

ያለፈው ሐሙስ ደግሞ ምን ሆነ መሰለህ? አሮጌ ጥቅል አወጡና ወጣቱ ብቅ አለ! ያው ጥግ፣ ያው ማሽን፣ ጉንጩ ሞልቶ። ብድግ ብዬ «ኣደይ ኣስካሉ፣ ይኸው!» ብዬ ጮህኩ… ለካ ከዚያ ቀን ወዲህ እዚህ አልረገጠችም፣ ቦታዋ ባዶ ነው። እኒህ ሰው ሳይቆጡ አረሙኝ። «ይህ ሰባተኛው ነው፣ ከመሞቱ በፊት የተነሣ ነው» አሉኝ። እወ፣ ልክ ናቸው። መቼ ተሳስተው ያውቃሉ?

በማግስቱ ቤቷ ሄድኩ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ አስፋው። ሐዘን ተቀምጣለች! ለዘርዓይ! ማንም ያረዳት የለም እኮ፣ ልጁ በሕይወት ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም። አጠገቧ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። እሷው ጀመረች።

«ተኽለ፣ የሞተሩ ነገር እውነት ነው?»

«እወ፣ ኣደይ።»

«ካልሲውስ?»

«ካልሲው… የኔ ነው።»

ብድግ አለች። ከዚያ ከሳጥኗ የሱፍ ካልሲ አወጣች፣ ሁለት ጥንድ። በየሐሙሱ ካልሲ ካልሲ ስላት፣ ወደዚያ የሚሄድ መልእክተኛ ቢገኝ ብላ ለዘርዓይ የሠራችው ነው። «እንግዲያው አንተው አድርገው» አለችኝ። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ በቁጣ አይደለም። ይኸው፣ እየው! ዘርዓይ እግሩ ትንሽ ነበር፣ ተረከዙ መሀል እግሬ ላይ ነው የቀረው። በዚህ ሙቀት እንደ ሞኝ የሱፍ ካልሲ አድርጌ አስመራን እዞራለሁ። አውልቄስ የት አኖረዋለሁ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወረቀቱ ደብተር ሆኖ ሌላ ሰው ጋ ደረሰ፣ ሞኙ ግን ካልሲው ውስጥ አለ።

አይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የሰው አገር ልጅ ወስጄ ልጇ ያደረግሁባት እኔ ነኝ። እኔ ባላመጣው ማን ይሞትባት ነበር? ሦስት ዓመት የዋሸሁትን በአንድ ሐሙስ ያቀኑ ሰው ይመሰገናሉ እንጂ ይወቀሳሉ? ትናንት ደጇ ሄጄ «ኣደይ፣ ልጁ ተመልሶ መጥቷል» አልኳት። «ስንተኛው ነው?» አለችኝ። ተማረች አይደል? ጫማዬን እያየሁ ተመለስኩ።

የእኒህን መምህር እናት እንኳ እሑድ ቤት ጊዮርጊስ፣ ቅዳሴ ላይ አገኘኋት። «ልጄ ተምሮ ተመለሰልኝ፣ ግን ከመስቀል ወዲህ ደጄን አልረገጠም፣ ምን ያዘው ይሆን?» አለችኝ። ቤት ጊዮርጊስ ከዚህ በእግር ስንት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይሞላል? እኔ መቼም የለመደብኝ ነው። «ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ እናቴ እናቴ እንዳለ ነው» ብዬ ቀባጠርኩላት። ምስኪን፣ ፊቷ በራ። ደህና አስተርጓሚ አላጋጠማት።

እና ከልቤ ነው የምመርቃቸው፣ አስፋው። ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ይስሙት፣ ምርቃት አይደል? እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። እውቀታቸውን ያብዛላቸው። ለእናታቸውም እንደሳቸው ያለ ሐቀኛ ሰው ከጎኗ አይጥፋባት። «ልጄ ለምን ቀረብኝ?» ብላ በጠየቀች ቁጥር፣ አንድ ቃል ሳይጨምር፣ አንድ ቃል ሳይቀንስ፣ እውነቱን ይንገራት። አሜን በል እንጂ።