ጎማው ውስጥ ያለው ሞተር

(ባሕር ዳር፣ ከሰዓት በኋላ። ብስክሌት ጠጋኙ አንማው ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በፋሻ የተጠቀለለ ቁስለኛ እግሩን በማቆሚያ ከፍ ብሎ ከቆመው ብስክሌት የኋላ ጎማ ሥር ዘርግቷል፤ ሚስቱ ባንቺአምላክ የሆስፒታል ዕቃ የያዘ ዘንቢል አንጠልጥላ ከፊቱ ቆማለች።)

ባንቺአምላክ፦ ፈንታሁን ባጃጁን ደጅ አቁሞ እየጠበቀ ነው። ወንድሜ ሥራውን ትቶ ነው የመጣው። ተነስ።

አንማው፦ ይችን ቡሎን ላጥብቅና።

ባንቺአምላክ፦ ትናንትም ቡሎን ነበር። ከትናንት በስቲያ ኩሽኔታ።

አንማው፦ ኩሽኔታውማ ገባ። ምን አለፋሽ፣ ዛሬ ይነሳል።

ባንቺአምላክ፦ ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው?

አንማው፦ ቶሎ ከመጣህ የሚቆረጡት ጣቶችህ ብቻ ናቸው አለ። ምኑን እረሳዋለሁ።

ባንቺአምላክ፦ ቶሎ ያለህ ክረምቱ ሳይገባ ነው። ይኸው መስቀልም አለፈ።

አንማው፦ ስኳሩ እንደሆነ አብሮኝ ያረጀ ነው፣ የትም አይሄድ።

ባንቺአምላክ፦ ስኳሩማ አይሄድም። የሚሄደው እግርህ ነው።

አንማው፦ እኮ! እግሬ ከሄደ እኔ በምን ልሄድ ነው? ለዚህ አይደል የምደክመው? ሞተሩ እዚሁ ጎማው ውስጥ ነው፤ ርገጠኝ አይልም። ጣት የሌለው እግሬን ጫን አድርጌ ቁጭ ማለት ነው። ገበያ ብትይ፣ ሐይቁ ዳር ብትይ።

ባንቺአምላክ፦ የድሮው ሞተር ሳይረገጥ ይነሳ ነበር እንዴ? እኔ ኋላ ተፈናጥጬ አንተ ላብህ እስኪንጠባጠብ ፔዳል ትመታ አልነበር?

አንማው፦ የድሮው የድሮ ነው። ለዚህኛው ገመድ አድርጌለታለሁ፤ በእጅ ጎተት ማድረግ ነው። ሞተሩ ራሱ የሣር ማጨጃ ሞተር አይደል። ካርቡሬተሩ ከውሃ ፓምፕ፣ ፍሪሲዮኑ ከሞተር ሳይክል። ሁሉም አዲስ ነው።

ባንቺአምላክ፦ ድስቱስ?

አንማው፦ እሱን አታንሺብኝ።

ባንቺአምላክ፦ ለምን አላነሳም? ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶልህ የሄደውን፣ በሰርጋችን ማግስት አፈናጥጠህ ከተማውን ያዞርክበትን ሞተር ፈታኸው። ቀፎውን ወስደህ ለድስት ሠሪው፣ ይህን አይተህ አዲስ አውጣልኝ ብለህ ሰጠኸው። ሰውዬው ቀፎውን ራሱን አቅልጦ ድስት አድርጎ ላከልህ። ይኸው ሽሮ እየሠራሁበት ነው።

አንማው፦ እያየህ ሥራ አልኩት እንጂ አቅልጥ መቼ አልኩት? አልሙኒየም ሲያይ እጁ አያርፍም።

ባንቺአምላክ፦ እውነቱን ልንገርህ? ድስቱን ሳየው ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። እንግዲህ ተስፋ ይቆርጥና እንሂድ ይላል ብዬ ነበር። በማግስቱ የሣር ማጨጃ ስትፈታ አገኘሁህ።

አንማው፦ ደስ አለሽ?

ባንቺአምላክ፦ አዎ። ሞተሩ ሞቶ አንተ ብትተርፍልኝ ብዬ።

አንማው፦ ባንቺ፣ እስቲ ቁጭ በይና ስሚኝ።

ባንቺአምላክ፦ ቆሜም እሰማለሁ።

አንማው፦ ሆስፒታል የገባ ሰው ጣሪያ እያየ ነው የሚውለው። እኔም ተኝቼ የማስበው ነገር እፈልጋለሁ። ይሄ ጎማ ሲዞር አንድ ጊዜ ልየውና ከዚያ እንደፈለጉ ይቁረጡኝ። ሳይዞር ብሄድ ግን ወደ ምን እመለሳለሁ?

ባንቺአምላክ፦ ወደ እኔ አትመለስም?

አንማው፦ ምን ሆኜ? ደግፈሽ ሽንት ቤት ልታደርሽኝ?

ባንቺአምላክ፦ አደርስሃለሁ።

አንማው፦ አውቃለሁ። እሱን ነው የምፈራው።

ባንቺአምላክ፦ እኔ ደግሞ ብቻዬን መቅረቱን ነው የምፈራው። ሐኪሙ ለእኔም ነግሮኛል እኮ። ቁስሉ ጉልበት ከደረሰ ከጉልበት በላይ ነው የምንቆርጠው፣ ያኔ እንኳን ብስክሌት ክራንችም ያስቸግረዋል፣ መትረፉንም እንጃ አለኝ።

አንማው፦ ጉልበት ጋ ምን አደረሰው? ጉልበቴ ደህና ነው። ጉልበት ካለ ብስክሌት አለ። ነይ ኮርቻውን ያዥልኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልጎትተው። ተነሳም አልተነሳም እንሄዳለን።

ባንቺአምላክ፦ ማልልኝ።

አንማው፦ ጊዮርጊስን።

ባንቺአምላክ፦ ይኸው ያዝኩት። ጎትት።

አንማው፦ ቤንዚኑን ልክፈትለት። ጠበቅ አድርጊው። ሃ።

ባንቺአምላክ፦ አልተነሳም። በል ተነስ እንግዲህ።

አንማው፦ ቀዝቅዞ ስለቆየ ነው። አንድ ልድገመው።

ባንቺአምላክ፦ ምለሃል እኮ።

አንማው፦ አንድ፣ ባንቺዬ።

ባንቺአምላክ፦ እሺ፣ የመጨረሻ።

አንማው፦ ሃ። ሰማሽ? ተነሳ። ባንቺ፣ ጎማው ዞረ።

ባንቺአምላክ፦ ሰማሁ። ሰፈሩም ሰምቷል።

አንማው፦ ድምፁ እንደ ድሮው ወፍራም አይደለም፤ ይሁን፣ ዞሯል። አዟዟሩን እይውማ። ከሆስፒታል እንደወጣሁ መጀመሪያ እስከ ድልድዩ ነው፤ ጃንጥላሽን ትይዣለሽ፣ ኋላ ትቀመጫለሽ፣ ቀስ እያልን።

ባንቺአምላክ፦ እሺ እንሄዳለን። ምንድን ነው የሚሸተው?

አንማው፦ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ነው። አዲስ ስለሆነ ሲግል ቀለሙ ይሸታል።

ባንቺአምላክ፦ የቀለም ሽታ አይደለም። የጨርቅ ነው። አጥፋው።

አንማው፦ ትንሽ ይሙቅ እንጂ፣ አሁን ካጠፋሁት...

ባንቺአምላክ፦ አጥፋው አልኩህ። እግርህ ማርሚታው ላይ ነው። ፋሻው እየተቃጠለ ነው።

አንማው፦ የቱ እግሬ?

ባንቺአምላክ፦ ሳበው። ተወው፣ እኔ ላንሳው። ወይ አምላኬ፣ ከፋሻው በላይም ቆዳው ተልጧል። እንዴት ዝም ትላለህ?

አንማው፦ አልተሰማኝም።

ባንቺአምላክ፦ እሳት እንዴት አይሰማህም?

አንማው፦ አልተሰማኝም ባንቺ። ምንም።

ባንቺአምላክ፦ ፈንታሁንን ልጥራው፣ ተሸክሞ ባጃጁ ውስጥ ያስገባህ።

አንማው፦ ትጠሪዋለሽ። መጀመሪያ ሐኪሙ ዓይኔን አስጨፍኖ ይሰማሃል ወይ እያለ እግሬን እንደነካካው አድርጊልኝ። ዓይኔን ልጨፍን፣ አንቺ ጉልበቴን ያዥው። ከጉልበቴ በላይ ትንሽ ከፍ አድርገሽ።

ባንቺአምላክ፦ እሺ።

አንማው፦ ጨፍኛለሁ። ያዥው በይ።

ባንቺአምላክ፦ ይዤዋለሁ እኮ።