አቧራ የለበሰው የአራስ ቤት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ነገሌ ጦር ሰፈር ውስጥ የወታደር ሚስት የምትመዘነው በቤቷ ጽዳት ነበር። ታዲያ የነገሌን ንፋስ ታውቁት የለም? ከሰዓት በኋላ ይነሣና ያንን ቀይ አቧራ ያለብሰናል፤ እኔ እጠርጋለሁ፣ እሱ ያመጣል፣ ደግሞ እጠርጋለሁ። የባሌን ካኪ ተኩሼ እጥፋቱ ካልጣመኝ እንደገና ውሃ ረጭቼ እተኩሳለሁ። እና "የአሥር አለቃው ሚስት እኮ ሌላ ናት" ሲሉኝ ደስ ይለኛል፣ ምን ልዋሽ።

ታዲያ የበኩር ልጄን ወለድኩ። እናቴ ጎንደር፣ የሚያርሰኝ ዘመድ የለም። ሳምንት ሳይሞላኝ ተነሣሁ። ባሌ "ኧረ አራስ ነሽ፣ ተኚ" ሲለኝ፣ "ሰው መጥቶ ይህን አቧራ ይይብኝ?" እለዋለሁ። እና ስጠርግ፣ ሳጥብ፣ ስተኩስ ጡቴ ደረቀ። ደረቀ ስላችሁ፣ ጠብ አይልም። ልጁ ሲያለቅስ ሲያለቅስ ድምፁ ቀጠነ፣ በኋላ ማልቀሱንም ተወው። ያኔ ፈራሁ።

ወተት የሚያመጡልን አዴ ቱሜ የሚባሉ የቦረና ሴት ነበሩ። "አካም፣ ናጋ?" ብለው ገቡ። ልጁን አዝዬ እጠርጋለሁ። አውርደው አዩትና አፋቸውን ያዙ።

"ታኢ" አሉኝ፣ ቁጭ በይ ማለታቸው ነው።

"አዴ ቱሜ፣ ይቺን ብቻ ልጨርስና..."

"ታኢ! እኛ ጋ አራስ ሥራ ስትሠራ ከታየች ሰፈሩ በሙሉ ይሰደባል።"

መጥረጊያውን ነጥቀውኝ ወደ ውጭ ወረወሩትና ደፉ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በየቀኑ እየመጡ ለልጁ ወተት በጣታቸው ጠብ ጠብ ያደርጉለታል፣ ለእኔ መረቅ ያጠጡኛል። ጎረቤት ብቅ ብላ "ምነው ቤትሽ እንዲህ ሆነ?" ስትል፣ እሳቸው "ኡልማ ነው፣ የአራስ ዕረፍት ነው፣ አቧራ አይጠየቅም" ብለው ይመልሷታል።

እኔ ጠረጴዛው ላይ አቧራው ሲከመር እያየሁ አለቅሳለሁ። ልጄ እንደዚያ ሆኖ፣ እኔ የማለቅሰው ለአቧራው ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም ያመኛል።

አንድ ጠዋት ግን ጡቴ ወጠረኝ፣ ቀሚሴ ረጠበ። ልጁ ጠባ፣ ጠባ፣ እዚያው እቅፌ ላይ ተኛ። አዴ ቱሜ ነጠላዬን ስበው አለበሱኝ።

"አሁንስ እማማ፣ ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ቅር አይልዎትም?" ትይኛለሽ አንቺ ደግሞ።

ይለኛል እንጂ፣ ልጄ። ግን የኔ ልጅ ጠግቦ የተኛው አቧራ በለበሰ ቤት ነው። ስለዚህ ቅር እያለኝም ቁጭ እላለሁ።