ለስድስት ላም ማሽን ያስፈልጋል ወይ?

ወደ ኮሮቩ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ እንደ ልማዱ ዘግይቶ ነበር። መንደርተኛው ቢዶኑን ለወተት መኪናው በሚያስረክብበት መደብ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ አቶ ቢሰሳር እያነከሱ መጡ። ልጆቻቸውን ሁሉ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ከእኔ የሚደብቁት ነገር እምብዛም የለም፤ ቢደብቁም ፊታቸው ያሳብቅባቸዋል። የዚያን ዕለት ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«ምነው፣ እግርዎን ምን ነካው?» አልኳቸው።

«ጋንጋ ረገጠችኝ፣ መምህር። በእጄ ያሳደግኳት ላም! ወተቱንም ደፋችው። የሰው ዓይን በልቷት ነው እንጂ እሷ እንዲህ አልነበረችም። ሎሚና ቃሪያ በክር ሰክቼ በረቱ ደጃፍ ሰቅያለሁ፤ እስካሁን ግን አለቀቃትም።»

«የማን ዓይን ይሆን?»

«የዚያ የወላቃው ጎረቤቴ ነዋ! ባለፈው ቆሞ ‹ላሞችህ እንዴት አምሮባቸዋል› ሲለኝ ነበር።»

ሳቄ መጣ፤ ግን ዋጥኩት። በእኛ መንደር ላም ከተራገጠች ጥፋቱ ምንጊዜም የጎረቤት ነው፤ አላቢው ራሱን ሲጠረጥር አይቼ አላውቅም።

«እሱስ ባልከፋ» አሉ ቀጥለው፤ «ሻርዳ ደግሞ የማለቢያ ማሽን ጎትታ አመጣችብኝ። ለስድስት ላም ማሽን! ይምጡና ልጅቷን ይምከሩልኝ።»

ሻርዳ የልጃቸው ልጅ ናት። ከብት እርባታ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ በወረዳው የእርሻ ቢሮ እየሠራች አብራቸው ትኖራለች። አውቶቡሱን ትቼ ተከተልኳቸው።

ማሽኑ በረቱ ጥግ ቆሟል። ሁለት ጎማ ባለው ጋሪ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ሞተር፣ አንድ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ቱቦና ውስጣቸው ጎማ የለበሱ አራት ኩባያዎች፣ ሌላ ምንም የለውም። ላሞቹ የበዙለት አንድ ሰው ትልቅ ገዝቶ ይህን አሮጌውን ለሙከራ አውሷት ነው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ መምህር! አባባ ሊያስፈርዱብኝ ነው አይደል የጠሩዎት?» አለች ሻርዳ።

«ላስፈርድብሽ ሳይሆን ላስመክርሽ ነው» አሉ ሽማግሌው። «እስቲ በእሳቸው ፊት መልሽልኝ። እኔ ጥጃው ጠባ ጠባ አድርጎ ወተቷን ካስለቀቀልኝ በኋላ እያነጋገርኩ ነው የማልባት። ላም እናት ናት። እናት በብረት ትመጠጣለች?»

«ብረቱ እኮ አይነካትም፣ አባባ፤ የሚነካት ጎማው ነው። ጥጃውንም ማንም አያባርረውም። አጠገቧ እናስርላታለን፤ ግቷን ለብ ባለ ውሃ አጥበን እናሽላታለን። ወተቷን አትከለክለንም።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ያን ቀን እኔ በእጄ አልባለሁ።»

«ይሁን። ማሽኑን ማን ያጥበዋል? እኔ ስድስቱንም አልቤ፣ ሮቲ ቂጣዬን በልቼ፣ ሻዬን ጠጥቼ፣ አንቺ ገና ቱቦ ስትፈትጊ ነው የማገኝሽ!»

ይህች ጥያቄ ፍሬ አላት። የተማረ ሁሉ ማሽን ሲያወድስ ስለ እጥበቱ አያነሳም። ሻርዳ ግን አልሸሸችም።

«እውነትዎን ነው። ጊዜ አናተርፍም። ለስድስት ላም ጊዜ ላትርፍ ብሎ ማሽን የሚገዛ ሰው ሞኝ ነው። በየጊዜው ካላጠበው ደግሞ ወተቱ ይበላሽበታል።»

«ሰሙልኝ፣ መምህር? ራሷ መሰከረችልኝ!»

«እኔ መቼ ለጊዜ ነው አልኩ? ለእጅዎ ነው።»

አቶ ቢሰሳር እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ። «እጄ ደግሞ ምን ሆነ?»

«መምህር፣ እስቲ ጣትዎን ይስጧቸው። አባባ፣ ልክ እንደ ጋንጋ አድርገው ይለቧቸው።»

ዕድሜ ልኬን ‹ሞክራችሁ እዩ› እያልኩ ያስተማርኩ ሰው እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሌባ ጣቴን ዘረጋሁ። ጥሩ አላቢ ጣቶቹን ከላይ ጀምሮ ተራ በተራ እየዘጋ ነው የሚጨምቀው። የእሳቸው ጣቶች ግን አልዘጋ አሏቸው። አውራ ጣታቸውን ወደ ውስጥ አጠፉና በአንጓው አጥንት ጨፍልቀው ሳቡት።

«ኧረ በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ።

«ይኸው፣ እርስዎ አፍ ስላለዎት ጮሁ» አለች ሻርዳ። «ጋንጋ አፍ የላትም፤ በእግሯ ነው የምትናገረው። ጡቶቿ በልዘዋል። አንደኛው ደግሞ ወተቱ ተሟጦ ስለማይወጣ መጠጠር ጀምሯል።»

ሽማግሌው ከበረቱ አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ።

«እጄ ካስቸገረኝ ከርሟል፣ መምህር። ግን ለማን ልንገር? ‹አልቻልኩም› ያልኩ ዕለት ልጆቼ ላሞቹን ይሸጧቸዋል። እነሱ ሱቫ ከተማ ናቸው። ይቺ ልጅ ስድስቱንም ጠዋት ማታ በእጇ ልለብ ብትል ሥራዋን ልትተው ነው። ያረጀ ላም የሚገዛው ደግሞ ማን እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል፤ ቢላዋ ያለው ሰው ነው። ሃይማኖቴ ከልክሎኝ የላም ሥጋ ባፌ ዞሮ የማያውቅ ሰው፣ እናቶቼን ለቢላዋ ላስረክብ?»

አንጀቴን በሉት። እኔ ክርክሩን የአሮጌና የአዲስ ነገር አድርጌው ነበር፤ እሳቸው ግን ማሽኑን አልነበረም የፈሩት። ማሽን ያስፈልገኛል ማለት እጄ ሞተ ማለት ስለመሰላቸው ነው የተቃወሙት።

ሻርዳ ሞተሩን አስነሳች፤ አንዱን ኩባያ አቀረበችላቸው። «አሁን ደግሞ የእርስዎን ጣት ያስገቡ።»

«ይቆርጠኝ ይሆን እንዴ?»

«መምህርን ሲጨፈልቁ አልፈሩም!»

አስገቡት። ጎማው ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ ጨበጥ፣ ለቀቅ አደረጋቸው። ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ።

«ጥጃ ነው እንዴ ይሄ!» አሉ፤ ጣታቸውንም ቶሎ አላወጡም።

«አሁን ክፉውን ልንገርዎት» አለች። «ወተቱ ካለቀ በኋላ ከተተወባት፣ ከእርስዎ አጥንት የባሰ ይጎዳታል። እኔ የማውቀው ሞተሩን ነው። ግቷን ዳብሶ ‹አሁን አልቋል› የሚለኝ ሰው እፈልጋለሁ። መዳፍዎ እንደሆነ ምንም አልሆነም።»

አቶ ቢሰሳር መዳፋቸውን እያገላበጡ አዩት። «እኔ ልበል? መቼ እንደሚወልቅ እኔ ነኝ የምለው?»

«እርስዎ ካላሉ አላወልቅም።»

ለማታው እለባ አብሬያቸው ቆየሁ። ጥጃው ጋንጋ ፊት ታሰረ። ሻርዳ ግቷን አጥባ አደረቀች፤ የጠጠረውን ጡት ለብቻው በእጇ ቀስ ብላ አለበችና ወተቱን ለየችው። ከዚያ ሦስቱን ኩባያዎች አጠለቀች፤ የአራተኛውን አፍ ደፈነች። ጋንጋ እግሯን አነሳች። ሁላችንም ወደ ኋላ አልን። እግሯን መልሳ አስቀመጠችና ማመንዠክ ጀመረች። ሽማግሌው መዳፋቸውን ግቷ ላይ አድርገው እያዳመጡ ቆዩ።

«በቃ። አውልቂው» አሉ።

እንግዲህ የጥቂት ላም ባለቤት የሆንክ አንባቢዬ ሆይ፣ እጅህ ደህና ከሆነ፣ አላቢም ካላጣህ፣ ማሽን አያስፈልግህም፤ እጥበቱም ያሰለችሃል። እጅህ ከደከመ ግን፣ በየዕለቱ ለማጠብና ከላሟ ሳትርቅ ለመቆም ከቆረጥክ፣ ላምህ ሳትታመም ትታለባለች፤ ወተቷ ተሟጦ ስለሚወጣ ግቷ አይጠጥርም፤ አንተም ከብቶችህን ሳትሸጥ ታረጃለህ። ጎረቤትህም ከሐሜት ያርፋል።

ሻርዳ ባልዲውን ይዛ ስትወጣ አቶ ቢሰሳር ወደ ኋላ ቀሩ። ጎንበስ ብለው የጋንጋን እግር ነኩ፤ የነኩበትንም እጅ ግንባራቸው ላይ አደረጉት።

«እኔ ነኝ ሳሳምምሽ የከረምኩት» አሏት። «ይቅር በይኝ፣ እናቴ።»